ወታደሩን ተዉትና ፍንዳታውን ቁጠሩ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 ሌሊት ኢራን አሜሪካ የፈጸመችውን የጄኔራሏን የቃሲም ሱሌይማኒን ግድያ ለመበቀል በምዕራብ ኢራቅ የአሜሪካ ወታደሮች ወደነበሩበት የአይን አል-አሳድ የጦር ሰፈር ባሊስቲክ ሚሳኤሎች ተኮሰች። 11ዱ ሰፈሩ ላይ ወድቀው ፈነዱ። ሲነጋ ከዋሽንግተን የተሰጠው መግለጫ አንድም አሜሪካዊ አልተጎዳም የሚል ነበር፤ ጦርነት ይነሳል ብሎ የፈራው ዓለምም እፎይ አለ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን 11 ወታደሮች ለሕክምና ከኢራቅ መውጣታቸው ተሰማ። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዳቮስ ጉባኤ ስለዚሁ ሲጠየቁ፣ ሰዎቹ ራስ ምታትና አንዳንድ ነገር እንዳለባቸው መስማታቸውን፣ ካዩዋቸው ሌሎች ጉዳቶች ጋር ሲተያይ ግን ከባድ ነው ብለው እንደማይወስዱት ተናገሩ። ቁጥሩ በዚያ አልቆመም። 34፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 64 እየተባለ በፌብሩዋሪ 109 ደረሰ። ሁሉም በምርመራ የአንጎል ጉዳት የተገኘባቸው ናቸው።

የጦር አርበኞች ማኅበር ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ እንዲጠይቁ ጠየቀ፤ ብዙ ሰውም ተቆጣ። ቁጣው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ያነጣጠረው በአንድ ሰው አንደበት ላይ ብቻ ስለነበር ዋናውን ነገር ሳተው። ትራምፕ ያሉት እርሳቸው የፈጠሩት አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የጦር አዛዦች፣ የጡረታ ቢሮዎች፣ ጥቂት የማይባሉ ሐኪሞችና ተራው ሕዝብ ጭምር ሲያምኑበት የኖሩት ነው፤ ቁስል ማለት የሚታይ ነው፣ ካልታየ ወይ ቀላል ነው ወይ የፍርሃትና የጭንቀት ውጤት ነው፣ አይደለም የሚል ወታደር ካለም ራሱ ያስረዳ። ይህ እምነት በሦስቱም በኩል ስህተት ነው እላለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ የማስረዳቱን ሸክም አንጎሉ በተጎዳው ሰው ላይ ይጥላልና። ምልክቱን ቆሞ ከመጠበቅ ፍንዳታውን ራሱን መለካትና መመዝገብ ይቻላል። ግዴታውም የወታደሩ ሳይሆን ወደ ፍንዳታው የላከው ሠራዊት ነው።

በዚያ ሌሊት የሆነውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የወደቁት ሚሳኤሎች ከ450 ኪሎ በላይ የሚመዝን አረር የተሸከሙ ነበሩ። ወታደሮቹ የተጠለሉባቸው የኮንክሪት መከለያዎች ደግሞ ከሮኬትና ከሞርታር ለማስጣል የተሠሩ እንጂ ይህን ያህል ፈንጂ ታስቦባቸው አልነበረም። ኮንክሪቱ ፍንጣሪውን መከተ፤ ማንም ያልሞተውም በከፊል ስለዚህ ነው። ግፊቱን ግን ሊመክት አልቻለም። ፈንጂ ሲፈነዳ በዙሪያው ያለው አየር በቅጽበት ይታመቅና ከድምፅ በፈጠነ ሞገድ ይነጉዳል፤ ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው የግፊት መጉደል ደግሞ አየሩን መልሶ ይስበዋል። ሞገዱ በመግቢያው ይገባል፣ በክፍተቱ ይገባል፣ ከውስጠኛው ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። በጠባብ ቦታ የተቀመጠን ሰው በአንድ ፍንዳታ ደጋግሞ ይመታዋል። ራስ ቅሉን ሳይሰብር፣ ቆዳውን ሳይልጥ ያልፋል። አንጎል ደግሞ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ግራጫው ክፍል፣ ነጩ ክፍል፣ የደም ሥሮቹ፣ በመካከሉ ያለው ፈሳሽ ሁሉ ክብደታቸውም ጥንካሬያቸውም ይለያያል። ሞገዱ እነዚህ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ አንዱን ከሌላው በተለየ ፍጥነት ያንቀሳቅሰዋል፤ ከፀጉር የቀጠኑት የነርቭ ክሮች የሚወጠሩትና የሚጎዱት እዚያ ላይ ነው። ሰውየው ተነስቶ ይራመዳል። ስሙን ሲጠሩት አቤት ይላል። ጓደኞቹን ከፍርስራሽ ያወጣል። ከቀናት በኋላ ብርሃን ያስጠላዋል፣ ጆሮው መጮህ አይተውም፣ የጀመረው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይጠፋበታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ሲቲ ስካን ሲነሳ ምንም አይታይም፤ ሲቲ ስካን ደም መፍሰስንና ስብራትን ለማየት ጎበዝ ቢሆንም የነርቭ ክር መጎዳትን ለማየት የተሠራ መሣሪያ አይደለምና።

ቀላል ነው የሚለው ፍርድ የሚሰጠው ታዲያ በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? ሐኪሞች የአንጎል ጉዳትን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብለው የሚመድቡት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በታየው ነው። ራሱን የሳተው ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ፣ ግራ መጋባቱ ከ24 ሰዓት ካላለፈ፣ ምስሉም ንጹሕ ከሆነ ቀላል ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ምደባ ለድንገተኛ ክፍል ሐኪም ጠቃሚ ነው፤ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ይነግረዋል። ሰውየው ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራውን ይሠራል ወይ፣ ልጁን ይታገሣል ወይ የሚለውን ግን አይነግረውም፤ ሊነግረውም የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የአንጎል ጉዳት እንደደረሰባቸው በምርመራ የታወቀ የአሜሪካ ወታደሮች ከ500,000 በላይ ሲሆኑ ከአምስቱ አራቱ የሚሆኑት በዚህ ቀላል በሚባለው ምድብ ያሉ ናቸው። አብዛኛው ጉዳት የደረሰው በጦር ሜዳ ሳይሆን በሥልጠና፣ በመኪና አደጋና በስፖርት መሆኑም መታወቅ አለበት። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ፤ ይህን የሚክድ ሰው ክርክሩን ያበላሻል። ነገር ግን ብዙዎች ይድናሉ ማለት ሁሉም ይድናሉ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ350,000 በላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን መዝገብ አገናዝቦ ነበር። ቀላል ጉዳት ደርሶባቸው ራሳቸውን እንኳ ያልሳቱት ሰዎች ጉዳት ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ የመርሳት በሽታ በምርመራ የተገኘባቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ጥናቱ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን ለብቻው አያረጋግጥም። ሆኖም ራሱን ሳይስት በእግሩ የሄደን ሰው ደህና ነው ብሎ ለመሸኘት ድፍረት የሚሰጥ ግኝት አይደለም።

የዚህ እምነት ሥር የት እንዳለ ለማየት ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት መመለስ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 መጀመሪያ ላይ ቻርልስ ማየርስ የተባሉ የእንግሊዝ ሐኪም ከፍንዳታ አጠገብ የነበሩ፣ የሚታይ ቁስል የሌላቸው፣ ግን ማየት፣ ማስታወስና መተኛት የተሳናቸውን ወታደሮች በላንሴት መጽሔት ላይ ገለጹ፤ ሕመሙም ሼል ሾክ በሚል ስም ታወቀ። ሌላው ሐኪም ፍሬድሪክ ሞት ውጫዊ ቁስል ሳይኖራቸው ከሞቱ ወታደሮች አንጎል ውስጥ ጥቃቅን የደም መፍሰስ ምልክቶች አገኙ፤ ጉዳቱ ቢያንስ በከፊል የሥጋ ጉዳት ነው ብለውም ተከራከሩ። ክርክሩ በቤተ ሙከራ ቢቀጥል ኖሮ መልካም ነበር። የተወሰነው ግን በጽሕፈት ቤት ነው። የእንግሊዝ ጦር ሕሙማኑን በሁለት ከፈላቸው፤ ጠላት ባፈነዳው ነገር የተመቱት እንደ ቁስለኛ ተቆጥረው የቁስለኛ ምልክትና ጡረታ ሲያገኙ፣ የቀሩት እንደ ማንኛውም በሽተኛ ይታዩ ነበር። ቁጥሩ ሲበዛ በ1917 ስሙን በሰነድ ላይ መጻፍ ራሱ ተከለከለ። በ1922 ደግሞ በጦር ሚኒስቴር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ፣ የአእምሮ መታወክ ከፍንዳታ የመጣ ቢሆን እንኳ እንደ ጦር ሜዳ ቁስል እንዳይቆጠር ሐሳብ አቀረበ። ልብ ይባል፤ ይህን ውሳኔ ያስወሰነ አዲስ የሕክምና ግኝት አልነበረም። ያስወሰነው የሰልፉ መሳሳትና የጡረታው ብዛት ነው። በዚያው ጦርነት በመክዳት፣ በፍርሃትና በመሰል ጥፋቶች ተፈርዶባቸው 306 የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች ተረሽነዋል። ከመካከላቸው የስንቱ አንጎል ተናውጦ እንደነበር የመረመረ የለም። ይቅርታ የተደረገላቸው በ2006 ነው።

ሐኪሙ ፍሬድሪክ ሞት የጀመሩት ሥራ መቶ ዓመት ግድም ከቆየ በኋላ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሜሪላንድ ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ጦር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዳንኤል ፐርልና ባልደረቦቻቸው በፍንዳታ ውስጥ ያለፉ ስምንት ሟች ወታደሮችን አንጎል መርምረው በላንሴት ኒውሮሎጂ አሳተሙ። አምስቱ ከጉዳቱ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት የቆዩ፣ ሦስቱ ከፍንዳታው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ የሞቱ ነበሩ። በአንጎላቸው ውስጥ የተገኘው ጠባሳ ዝም ብሎ የተበታተነ አልነበረም፤ ግራጫውና ነጩ ክፍል በሚገናኙበት፣ በደም ሥሮች ዙሪያ፣ ከፈሳሹ ጋር በሚዋሰነው ጠርዝ ላይ ነበር። የፍንዳታ ሞገድ ይጎዳዋል ተብሎ በሚጠበቀው መስመር ላይ ማለት ነው። በስፖርት ወይም በመኪና አደጋ ጭንቅላታቸው በተመታ ሰዎች አንጎል ላይ ግን ይህ ቅርጽ አልታየም። ስምንት አንጎል ጥቂት ነው፤ ይህን ተመራማሪዎቹም አልደበቁም። ግን ጠባሳው በሕይወት ባለ ሰው ላይ በተለመደው የሆስፒታል ምስል አይታይም፤ የታየው ከሞት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሥር ነው። ካልታየ የለም የሚለው አስተሳሰብ ውሃ የማያነሳው እዚህ ላይ ነው። እኛ ያላየነው በምናይበት መሣሪያ ድክመት እንጂ ቁስሉ ስለሌለ አልነበረም።

ከተቃራኒው ወገን የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ከቀልደኛ ፖለቲከኛ የመጣ አይደለም። የመጣው ከዋልተር ሪድ የጦር ምርምር ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዶክተር ቻርልስ ሆግና ባልደረቦቻቸው ከኢራቅ በተመለሱ 2,525 ወታደሮች ላይ ያካሄዱት ጥናት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ራሳቸውን የሳቱት ወታደሮች ብዙ ሕመም ነበረባቸው። ነገር ግን ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመምና ድብርት በሒሳብ ተጣርተው ሲወጡ፣ በጭንቅላት ጉዳቱና በአብዛኞቹ የጤና ችግሮች መካከል የነበረው ዝምድና ጠፋ። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች ነገሩ የአንጎል ሳይሆን የመንፈስ ነው አሉ። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ድምዳሜው ግን ጥናቱ ከሚሸከመው በላይ ተጭኖበታል። አንደኛ ነገር፣ ራስ ምታት ተጣርቶም አልጠፋም፤ ያ በዳቮስ የተናቀው ራስ ምታት መሆኑ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ሌላው ነው። የጭንቀት ሕመሙ ምንም ጉዳት ካልደረሰባቸው ወታደሮች መካከል 9.1 በመቶ በሚሆኑት፣ ሌላ የአካል ጉዳት ከደረሰባቸው 16.2 በመቶ በሚሆኑት፣ ራሳቸውን ከሳቱት ግን 43.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። ፍርሃትን የሚገራው፣ ትዝታን በቦታው የሚያስቀምጠው፣ ቁጣን የሚይዘው ይኸው የተመታው አንጎል ነው። ጉዳቱ ሰውን የሚያሳምመው በከፊል በዚሁ በጭንቀት ሕመም በኩል ከሆነ፣ የጭንቀት ሕመሙን ከሒሳቡ አውጥቶ ጉዳቱ ምንም አላደረገም ማለት መንገዱን ዘግቶ መንገደኛው አልመጣም እንደማለት ነው። ሥጋና መንፈስን ለያይቶ አንዱን ምረጥ ማለት ለመዝገብ ቤት ይመቻል። አንጎል ላይ ግን አይሠራም።

ፍርሃቱንና ፍንዳታውን ለያይቶ የሚያሳይ ሁኔታ ቢገኝ ጥያቄው ይጠራ ነበር። ተገኝቷልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሶሪያ ራቃ ከተማ አይሲስን ለመውጋት የተላከው የአሜሪካ ማሪን መድፈኛ ጦር በአምስት ወር ውስጥ ከ30,000 በላይ የመድፍ ጥይት ተኩሷል። በወቅቱ የአሜሪካ ጦር ከፍተኛው የበታች ሹም የነበሩት ጆን ትሮክሰል፣ ከቬትናም ጦርነት ወዲህ ይህን ያህል የተኮሰ ሻለቃ የለም ብለዋል። እነዚህ መድፈኞች አብዛኛውን ጊዜ ጠላትን በዓይናቸው አላዩም፤ የሚተኩሱት ከኪሎሜትሮች ርቀት ነበር። ኤም 777 የሚባለው መድፍ ሲተኮስ ምን እንደሚሆን ይታሰብ። አንዱ ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ጥይት ያቀብላል፣ ሌላው ባሩዱን ይከታል፣ ሦስተኛው ገመዱን ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ሁሉም ከአፈሙዙ ጥቂት ሜትር ርቀው ነው። ገመዱ ሲሳብ አቧራው ከመሬት ይነሳል፣ ልብስ ከገላ ላይ ይርገበገባል፣ ግፊቱ በደረት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ እንደገና ይጎረሳል። ቀን ከሌሊት፣ ለሳምንታት። ኒውዮርክ ታይምስ በ2023 እንደዘገበው ከእነዚህ መድፈኞች ብዙዎቹ እንቅልፍ አጥተው፣ ራሳቸውን ቀጥቅጦ በሚያማቸው ራስ ምታት፣ በድንጋጤና የሌለ ነገር በማየት እየተሰቃዩ ተመለሱ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የተሰጣቸው ስም የድብርት፣ ትኩረት የማጣት ወይም የጭንቀት ሕመም ነበር። አልተተኮሰባቸውም። አልተከበቡም። የደረሰባቸው አንድ ነገር የገዛ መድፋቸው ግፊት ነው።

ይህ የሕጉንም ቀዳዳ ያሳያል። የአሜሪካ መከላከያ በ2010 ባወጣው መመሪያ ከፍንዳታ 50 ሜትር ውስጥ የነበረ ወታደር ምንም አልሆንኩም ቢልም እንዲመረመርና ለ24 ሰዓት እንዲያርፍ አዘዘ። መልካም እርምጃ ነው። ምክንያቱም ሚዛኑን ከወታደሩ ቃል ወደ ፍንዳታው ርቀት አዞረው፤ እዚህ የምሟገትለትም ይኸው ነው። ነገር ግን መመሪያው የታሰበው በመንገድ ዳር ለሚቀበር የጠላት ፈንጂ እንጂ በራስ እጅ ለሚተኮስ መሣሪያ አይደለም። መድፈኛው በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ከ50 ሜትር በታች ርቀት ላይ እንደቆመ የሚጠይቅ አልነበረም። የእጅ ቦምብ አሠልጣኙን፣ በር በፈንጂ የሚያፈርሰውን፣ ትከሻው ላይ ካርል ጉስታፍ የሚባለውን መሣሪያ ተሸክሞ የሚተኩሰውንም እንዲሁ። ጉዳቱ ጠላት ያደረሰው ካልሆነ ጉዳት አይደለም የሚለው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፍፍል በሌላ ልብስ ቀጥሏል ማለት ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ፍንዳታ በተመዘገበ ቁጥር ለጡረታ ሲሉ የሚያስመስሉ ይበዛሉ ይላሉ። የሚያስመስል ሰው በየትኛውም መዝገብ ይኖራል። አል-አሳድ ላይ የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ ወደ 109 የወጣው ወታደሮቹ ሕመማቸውን ስለዋሹ ሳይሆን መጀመሪያ ስላልተናገሩ፣ የተናገሩትም ስላልተቆጠሩ ነው። ወታደር ጥርሱን ነክሶ እንዲችል ተደርጎ የተቀረጸ ሰው ነው። ጓደኛው ዘብ ላይ ቆሞ እርሱ ራሴን አመመኝ ብሎ መተኛትን እንደ ክህደት ያየዋል፤ ሐኪም ቤት የገባ ስም እድገት እንደሚያስቀር፣ ከመረጠው ክፍል እንደሚያስወጣም ያውቃል። በጦርነት ለቆሰሉ የሚሰጠው የፐርፕል ሃርት ሜዳሊያ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። የአሜሪካ ምድር ጦር ከ2011 ጀምሮ የአንጎል መናወጥ ለዚህ ሜዳሊያ እንደሚያበቃ በግልጽ ቢደነግግም ለአል-አሳድ ቁስለኞች መጀመሪያ የተሰጠው 29 ብቻ ነበር። ጋዜጠኞች ጉዳዩን ካነሱት በኋላ በ2021 መጨረሻ ሌላ 39 ተጨመረ። እነዚያ 39 ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ቁስል አላገኙም። መጀመሪያም ቆስለው ነበር።

ከሳይንሱ መንደር የሚመጣ ሌላ ጥያቄም አለ። ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ላይ የሚያመጣው ሲቲኢ የሚባለው በሽታ በወታደሮች ላይ በሰፊው ይገኛል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በ2022 ግን 225 የሟች ወታደሮች አንጎል ተመርምሮ በሽታው የተገኘው በ10ሩ ብቻ ነው፤ 10ሩም ግጭት ያለበት ስፖርት የተጫወቱ ነበሩ። ታዲያ ፍንዳታ አንጎል አይጎዳም ማለት ነው? አይደለም። የስፖርተኛው በሽታ አለመገኘቱ የሚያስረዳው ፍንዳታ የስፖርተኛውን በሽታ እንደማያመጣ ነው። ከዚያው ከዶክተር ፐርል ቤተ ሙከራ ቀደም ሲል የወጣው የጠባሳ ግኝት ደግሞ ፍንዳታ የራሱ የሆነ አሻራ እንዳለው ይጠቁማል። የታወቀውን በሽታ ፈልጎ ማጣትና ምንም አለማግኘት ለየቅል ናቸው።

ሰውን ተጎድተሃል እያሉ መንገር ራሱ ያሳምመዋል የሚሉት ሐኪሞች ከሌሎቹ ይልቅ ሊደመጡ ይገባል። ከአንጎል መናወጥ በኋላ የማገገም ተስፋ ራሱ መድኃኒት እንደሆነ፣ ፍርሃት ደግሞ ምልክትን እንደሚያስረዝም የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ሙግት የእኔን ሐሳብ ይደግፋል እንጂ አያፈርሰውም። ፍንዳታው በመሣሪያ ሲለካና በመዝገብ ሲሰፍር ወታደሩ በየቀኑ ራሱን እየመረመረ ታምሜ ይሆን ብሎ አይጨነቅም። ጨረር ባለበት ቦታ የሚሠራ ቴክኒሻን ደረቱ ላይ መለኪያ ይለጥፋል፤ ልኩ ሲሞላ ሥራ ይቀይራል እንጂ ካንሰር ይዞኛል ብሎ እንዲያሳምን አይጠበቅም። ማንም ይህን ማስፈራራት ብሎት አያውቅም።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ ሆኖ እንዳይታየን። በአሜሪካ ጦርም በእስራኤል ሠራዊትም ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን ያገለግላሉ፤ መድፍ የሚያጎርሱ፣ ታንክ ውስጥ የሚቀመጡ አሉ። እዚህ አገር ቤት ደግሞ ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. በባድመ፣ በጾረናና በዛላምበሳ ግንባሮች ወታደሮች በምሽግ ውስጥ ሆነው የከባድ መሣሪያ ድብደባ ተቀብለዋል፤ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መድፍ፣ ሮኬትና ድሮን በሁሉም ወገን ላይ ወርዷል። የግፊት ሞገድ ዜግነትም ሰልፍም አይለይም። በየቤቱ የገባው ሰው እጁ ወይም እግሩ ካልጎደለ ደህና መጣ ይባላል፤ ሲቆጣ ጠባዩ ተለወጠ፣ ሲረሳ ልቡ እዚያው ቀረ፣ ሲገለል ጦርነት ነካው ይሉታል። ጸበል የሚወስደው ቤተሰብ ከፍቅሩ ነው፤ መውሰዱም አይነቀፍም። ነገር ግን አጠገብህ ምን ፈነዳ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሜትር ላይ ብሎ የሚጠይቀው ሐኪም ያስፈልገዋል። ይህ ጥያቄ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ወረቀትና የሚያዳምጥ ሰው ይበቃዋል።

ከሁሉ በኋላ የሚቀረው የአዛዦች ሙግት ነው፤ መድፍ ሳይተኩሱ መድፈኛ አይገኝም፣ ጦርነትም ያለ ፍንዳታ የለም ይላሉ። እውነት ነው። ጥያቄው ግን መተኮስ ይቁም አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በኦገስት 2024 ባወጣው መመሪያ ግፊቱ በካሬ ኢንች 4 ፓውንድ ከሚደርስበት ክልል የማያስፈልግ ሰው እንዲርቅ፣ አዲስ ምልምሎች ሁሉ ገና ሲገቡ የማስታወስና የማሰብ ችሎታቸው ተለክቶ እንዲመዘገብ አዟል። ሠራዊቱ ይህን በማድረጉ አልተዳከመም። ነገር ግን መለኪያው ከሥልጠና ሜዳ አልፎ ጦር ሜዳ ድረስ አብሮ ካልሄደ፣ ውጤቱም ወታደሩ ሲሰናበት እጁ ላይ ካልገባ ግማሽ ሥራ ነው። መዝገብ እንዴት መብት እንደሚሆን የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የመርሳት በሽታ፣ የፓርኪንሰን መሰል ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ድብርትና የሆርሞን መዛባት ከአገልግሎት ላይ የአንጎል ጉዳት እንደመጡ ተቆጥረው ካሳ ይከፈልባቸዋል። ሆኖም የመርሳት በሽታውና የፓርኪንሰን መሰል ሕመሙ የሚታሰቡት ጉዳቱ ያን ጊዜ መካከለኛ ወይም ከባድ ተብሎ ለተመደበ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ቀላል ተብሎ የተጻፈው ወይም ከናካቴው ያልተጻፈው በስልሳ ዓመቱ የልጁን ስም ሲረሳ ማስረጃ አምጣ ይባላል።

ማስረጃው እኮ አለ፤ ያለው ግን ወታደሩ ዘንድ አይደለም። የመድፍ ጥይት ከግምጃ ቤት የሚወጣው በፊርማ ነው። የትኛው ባትሪ በየትኛው ቀን ስንት ጥይት እንደወሰደና ስንት እንደመለሰ የሚያሳይ ሰነድ በየሠራዊቱ ይያዛል፤ ለጥይቱ ዋጋ ሲባል። የየክፍሉ የስም ዝርዝርም አለ። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ሰው ለስንት ፍንዳታ እንደተጋለጠ መገመት ለማንኛውም የሎጂስቲክስ መኮንን የሁለት ቀን ሥራ ነው። መለኪያ ሳይኖር ያገለገሉት፣ ከራቃም ሆነ ከሌላ ግንባር የተመለሱት፣ በዚህ ሒሳብ ከተወሰነ መጠን በላይ ተጋልጠው ከተገኙ ጉዳቱ እንዳለ ተቆጥሮ ሕክምናውና ካሳው ይሰጣቸው፤ የለም የሚል መሥሪያ ቤት ካለ እርሱ ያስረዳ።